ወደ ግራ የዞረው ሐር

በረዶው ከጣለ ስምንተኛ ቀኑ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን ታሽገናል፦ አማቴ፣ እኔና አውራ ዶሮው። ከሦስታችን የልቡን የሚናገረው ዶሮው ብቻ ነው። የበረቱ ብርድ ላባውን እንዳያበላሸው ተብሎ ምድጃው አጠገብ ቅርጫት ተደፍቶበት፣ ነጋ አልነጋ ሳይል ይጮኻል። እኔም ቢፈቀድልኝ እንደሱ እጮህ ነበር።

ቤኒልዴ እባላለሁ። ኩሩኤኞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደዚህች መንደር ተድሬ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በብርድ ወራት ጭስ የሚወጣው ከአሥራ አንድ ቤት ብቻ ነው። ባሌ ኦኖሪኖ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ያወረሰኝም አባቱን ነው። አባቱ ኤውቲሚዮ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲሆን፣ ሸለቆው ከላይ እስከ ታች የሚያውቃቸው በዝንቦቻቸው ነው። ሾርባ ውስጥ የምትወድቀዋን ዝንብ ማለቴ አይደለም። መንጠቆ ላይ በሐር ክርና በአውራ ዶሮ ላባ የምትታሰረውን፣ ትራውት ዓሣ እውነተኛ መስላው የምትውጣትን ማለቴ ነው።

ወንዙ ከመስከረም እስከ መጋቢት ማለቂያ ለአጥማጅ ዝግ ነው። በእነዚያ ወራት የዚህ አገር ወንድ መስኮት ሥር ይቀመጥና ዝንብ ያስራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሞክራል። አማቴ ደግሞ ከሁሉ ይበልጡ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት ዓይናቸው በሞራ ተሸፈነ፤ አሁን ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈ አያዩም። ዝናቸው ግን የባሰ ጨመረ። «ዓይኑ ሲጠፋ እጁ በራለት» ይላቸዋል መንደሩ።

እውነቱን የማውቀው እኔና ምድጃው ነን። አማቴ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ዝንብ ያስራሉ። እንደ አባቶቻቸው ሁሉ፣ መንጠቆውን ቆልፎ የሚይዘውን ሞርሳ የሚባል መሣሪያ አይጠቀሙም፤ መንጠቆዋን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይዘው ሐሩን በዳበሳ ያዞሩባታል። ጣታቸው ግን በሪህ ከደረቀ ቆይቷል። የዝንቧ ጭንቅላት እንደ ሽምብራ ይወፍራል፣ ላባው ይጨፈለቃል። «እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ጥሩ ናት፣ አባባ» እላለሁ። ከዚያ አሥራ ሁለቱን ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ እጨምራለሁ። ከምሳ በኋላ እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው ኦኖሪኖ የገዛልኝን ትንሽ ሞርሳ ከዱቄት ሣጥኑ ኋላ አውጥቼ የራሴን አሥራ ሁለት አስራለሁ። በወረቀት ሣጥን ገብተው፣ የእሳቸው ስም ተጽፎባቸው ወደ ሊዮን ከተማ የሚሄዱት የእኔዎቹ ናቸው።

የተጀመረው በአንዲት ሣጥን ነው። አንድ ገዢ «ሁለቴ ስትወረወር ሐሩ ተፈታ» ብሎ መለሳት። ኦኖሪኖ ከሞተ ገና ዓመቱ አልደፈነም ነበር፤ ልጃቸውን ለቀበሩ ሰውዬ «እጅዎም ሞቷል» ብዬ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ሣጥኗን ራሴ ሞልቼ ላክኋት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነበር።

ሳንታንዴር፣ ባሕሩ ዳር፣ እህቴ ኤልቪራ የልብስ መጠገኛ ሱቅ አላት። በየዓመቱ «ነይ፣ አንድ ወር እንኳ አየር ቀይሪ» ትለኛለች። አልሄድም። አንድ ሳምንት ብጠፋ ሣጥኑ በእሳቸው ዝንብ ይሞላና ነገሩ ሁሉ ይወጣል። የልጇን ሰርግ እንኳ ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሰው አላሰረኝም፤ በር አልተቆለፈብኝም። ግን ከዚህ ወጥ ቤት መውጣት አልቻልኩም።

ዘንድሮ ደግሞ አማቴ አዲስ ሙከራ ይዘው ነበር። ከድልድዩ ሥር ባለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ፣ ባለፈው ነሐሴ የቀረበላትን ሁሉ ንቃ ያለፈች አንዲት ትራውት አለች። አማቴ አይተዋት አያውቁም፤ በወሬ ነው የተጣሏት። ለሷ የምትሆነው ዝንብ ሆዷ የአጃ ዳቦ ቅርፊት መምሰል አለበት አሉ፣ ያውም ከረጠበ በኋላ። ሐር ደረቅ ሳለ የሚያሳየው ቀለም ሌላ ነው፣ ውሃ ሲነካው ሌላ። ስለዚህ የክሩን ጫፍ መጀመሪያ አፋቸው ውስጥ ያርሱታል፤ ከዚያ ወደ እኔ ይዘረጉታል። የታሰረችዋ ዝንብ ደግሞ የወንዝ ውሃ በተሞላ የመስተዋት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትጣላለች። ሳህኑ በሁለት ወንበሮች መሃል ይቀመጣል፣ እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተዘርሬ እንደ ዓሣ ከሥር ወደ ላይ አያለሁ።

«ምን ይታይሻል?» ይላሉ።

«ቢጫ ይበዛዋል።»

«ምን ዓይነት ቢጫ?»

«የጉበት በሽተኛ ዓይን።»

«ጣያት። ቡናማውን ስጪኝ፣ ከሁለቱ ጠቆር ያለውን።»

ዶሮው ከቅርጫቱ ሥር ይታዘበኛል። በዚያ ሳምንት አሥራ ስድስት ዓይነት ሞከርን። እኔ መቼም ቀለሙን አልዋሽም፤ የዋሸሁት ስለ እጃቸው ብቻ ነው።

በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ መስኮቱ ተንኳኳ። በሩን በረዶው ደፍኖታል፤ ጎረቤታችን አማዶር በእንጨት የበረዶ ጫማው ክምሩ ላይ ቆሞ ዳቦ አቅፎ አየሁት። ከፈትኩለትና እየተንፏቀቀ ገባ።

«በመስኮት የሚገባ ወይ ሌባ ነው ወይ ጎረምሳ» አልኩት።

«ለሁለቱም አርጅቻለሁ፣ ቤኒልዴ። ጋሽ ኤውቲሚዮ፣ በሕይወት አሉ?»

«ከሞትኩም ቤኒልዴ አልነገረችኝም» አሉ አማቴ።

አረቄ ቀዳሁለት። አማዶር አንድ ጊዜ ጨልጦ፣ ሁለተኛውን እጁ ላይ ይዞ ነው ወሬውን ያወጣው። ላ ቬሲያ ከምትባለው ከተማ ተደውሎለታል፤ በፋሲካ ሰሞን በሚቆመው የላባ ገበያ ላይ አማቴ መድረክ ላይ ተቀምጠው፣ ሕዝብ ፊት አንዲት ዝንብ እንዲያስሩ ይፈልጋሉ።

ያቺ ጭንቅላተ ወፍራም ዝንብ መቶ አጥማጅ ፊት ከእጅ እጅ ስትዞር ታየችኝ።

«ያችን የግራ ዙሯን እንዲያሳዩዋቸው ነው» አለ አማዶር።

«የምን የግራ ዙር?» አሉ አማቴ።

«ይተዉ እንጂ፣ ጋሼ። ምስጢርዎ ታውቋል። ድሮ ሐሩን እንደኛው ወደ ቀኝ ነበር የሚያዞሩት። ከስድስት ዓመት ወዲህ ወደ ግራ ነው፤ ላባውም በዚያኛው ጎን ይተኛል። ውሃው ሲጠራ ዓሣዋ ያችን ነው የምትመርጠው። የሊዮን ሰዎች በአጉሊ መነጽር አይተው ደረሱበት። 'ሰውዬው በዚያ ዕድሜው እንዴት አሰበው?' እያሉ ነው።»

ጭልፋውን በግራ እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሳለሁ መነኩሴዋ አስተማሪያችን ግራ እጄን ከወንበሩ ጋር አስራ በቀኝ መጻፍ አስለመደችኝ፤ ከመጻፍ በቀር ሁሉን የምሠራው በግራ ነው። የዝንቧን ጭንቅላት መጠን አስመስያለሁ፣ የላባውን ርዝመት አስመስያለሁ፣ ክሩ የሚታሽበትን የሰም ልክ ሳይቀር። ክሩ በየት በኩል እንደሚዞር ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። እጄ በለመደው ይሄድ ነበር። ሌሎች በአጉሊ መነጽር ያዩትን እኔ ስድስት ዓመት አላየሁትም።

«ጥሩ ዓይን አላቸው» አሉ አማቴ። «እመጣለሁ በላቸው።»

አማዶር በመጣበት መስኮት ወጣ። አማቴ የተዘጋጀችውን ሣጥን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። አንዲቱን ዝንብ አውጥተው በከንፈራቸው ያዙ። ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ሐሩ ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ጎተቱት። በአንድ በኩል ይንሸራተታል፣ በሌላው ይይዛል። መልሰው ሣጥኑ ውስጥ ከተቷት።

«ሾርባው ደርሷል?» አሉ።

«ደርሷል፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን አልተናገሩም። ዝንብም አላሰሩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ተቀመጡ። ሐሩም ሰሙም ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ነጭ ሽንኩርት በበዛበት ሾርባ ላይ ዳቦ እየቆረስኩ አቀርባለሁ፤ ይበላሉ፤ ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ። ሦስት ጊዜ «አባባ» ብዬ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜም «ምን ላምጣልዎት?» ብዬ ጨረስኩት። ማወቃቸውን አወቅሁ፤ ማወቄንም ያውቃሉ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

በሁለተኛው ቀን አካፋ ይዤ በመስኮቱ ወጣሁ። ለማገዶ ነው አልኩ፣ ማገዶ ግን ሞልቶን ነበር። በረዶው እስከ ደረቴ ይደርሳል። እየቆፈርኩ፣ እያለቀስኩ፣ ደግሞ እየተሳደብኩ የከብቶቹ ውሃ ገንዳ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ አጥር የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። እንዲያው ቢከፈትስ ወዴት ልሄድ ነበር? በፋሲካ መድረክ ላይ ትቻቸው ሳንታንዴር ልብስ ልጠግን? ጫማዬ ውስጥ የገባው በረዶ ሲቀልጥ ተመለስኩ።

«የት ደረስሽ?» አሉ። የሁለት ቀን ዝምታ የፈረሰው በዚህ ነው።

«እስከ ገንዳው።»

«ሩቅ ነው» አሉ።

በማግስቱ ጨረቃዋ መጉደል ጀምራ ነበር። እዚህ አገር የዶሮው ላባ የሚነጨው ጨረቃ ስትጎድል ብቻ ነው። ስትሞላ ከተነጨ ወፉ ይደማል፣ ተመልሶ የሚበቅለውም ላባ ብርሃን አይኖረውም ይባላል። ቄሱን የማይሰማ ሰው እንኳ ይህን ይሰማል። የጥር ጨረቃ ጉድለት ካመለጠ የፋሲካው ላባ ተበላሸ ማለት ነው። ሥራው ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይነጫል። ኩርፊያ ጨረቃን አያቆምም።

ዶሮውን ከቅርጫቱ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። በአንድ እጄ እግሮቹን፣ በሌላው ክንፎቹን ያዝኩ። አማቴ ወንበራቸውን ስበው ጉልበታቸው ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጉ። እንዲህ ከተያዘ በኋላ መነሳት የለም። ብለቀው ራሱን ይሰብራል።

ላባ ሲነጩ ለማየት ያምራል። ለዚህ ዓይን አያሻቸውም። ሪህ የያዛቸው ጣቶች የጀርባውን ላባ አንድ አንድ እያሉ ይመርጣሉ፣ በበቀለበት አቅጣጫ ነቀል ያደርጋሉ፤ ዶሮው እንኳ አልተንፈራገጠም። አሥራ ሁለት ያህል ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረ በኋላ ነበር የጠየቁኝ።

«የኔዎቹስ የት ገቡ?»

«ምድጃ ውስጥ።»

አንድ ላባ ነቀሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኦኖሪኖ ከሞተ በኋላ ካለው መጋቢት ጀምሮ።»

ጣታቸው ዶሮው ጀርባ ላይ ቆመ። የወፉ ልብ መዳፌ ውስጥ ይመታል።

«አዘንሽልኝ» አሉ።

«አዎ።»

«የሚታዘነው ለውሻ ነው።»

«ለውሻ ስድስት ዓመት አይዋሽለትም።»

«እኔ ጠዋት ጠዋት ለምን የምነሳ ይመስልሻል? ይህን አጥንት ከአልጋ የማወርደው አሥራ ሁለት ዝንብ ይጠብቀኛል ብዬ ነው። ለምድጃው መሆኑን ብትነግሪኝ እንጨት እፈልጥልሽ ነበር።»

ይሄኔ ነደደኝ። አፍሬም ነበር፣ ግን ንዴቱ ቀደመ።

«እኔስ?» አልኳቸው። «ለእርስዎ ሣጥን ስል የእህቴን ልጅ ሰርግ ቀረሁ። ስድስት ዓመት ከዚህ ሸለቆ አልወጣሁም። ባሕር አላየሁም። ማን እንደያዘኝ ያውቃሉ?»

«ማን ያዘሽ?»

«እርስዎ ነዎት የያዙኝ።»

«አንቺን መያዜን አላውቅም ነበር» አሉ በቀስታ።

ዶሮውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። የቀረውን ላባ ነጭተው ጨረሱ፤ ወፉን ወደ ቅርጫቱ መለስኩት። ተንቀጥቅጦ ላባውን አራግፎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በቆሎውን ይለቅም ጀመር።

አማቴ እጃቸውን ታጥበው ወደ መስኮቱ ወንበር ተመለሱ። «መንጠቆ ስጪኝ» አሉ፣ «ያንን ጠቆር ያለ ቡናማ ሐርም።» ሰጠኋቸው። ዛሬ ከተነጨው ላባ አንዱን መርጠው አንዲት ዝንብ አሰሩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ክሩ ሁለቴ አመለጣቸው፤ ላነሳላቸው እጄን ስሰድ በክርናቸው ገፉኝ። ሲጨርሱ መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንዴት ናት?»

«ጥሩ» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እንደምንም መለስኳት።

«ጭንቅላቷ ወፍሯል» አልኩ። «ላባው ተጨፍልቋል። መሃሉ ላይ ሐሩ ላልቷል፤ ሁለቴ ብትወረወር ትፈታለች።»

«ሌላስ?»

«ሰሙ በዝቷል።»

«ሌላስ?»

«ቀለሙ ግን የዳቦ ቅርፊት ነው፣ አባባ። ልክ ራሱ ነው።»

ፊታቸው ላይ ያልጠበቅሁትን አየሁ። አልከፋቸውም። ብዙ ጊዜ ቆይቶ የተመለሰን እንግዳ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበር ያዳመጡኝ።

«'ጥሩ ናት፣ ጥሩ ናት' ስትዪኝ» አሉ፣ «እዚህ ቤት ብቻዬን የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ነበር ያልገባኝ።»

ተነሥተው የምድጃውን ሙቀት በመዳፋቸው እየለኩ ተጠጉና ዝንቧን ራሳቸው እሳቱ ውስጥ ጣሏት። እኔ ብቻ ነኝ ያለቀስኩት።

ማታን ሳንጠብቅ እዚያው፣ ቋንጣ እየቆረስን ነው የፋሲካውን ነገር የጨረስነው። «ፋሲካ ሁልጊዜ ጨረቃ ከሞላች በኋላ ነው» አሉ። «ጉድለቱ ላይ እንደርሳለን። እኔ መድረኩ ላይ ዶሮውን እነጫለሁ፤ በዚያ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። አንቺ ታስሪያለሽ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። ዓይነ ስውሩ እኔ፣ አጉሊ መነጽር የያዙት እነሱ፤ ግን ማናችንም አላየንሽም።» ቋንጣቸውን አኝከው ዋጡ። «መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ወደ እህትሽ ሂጂ። ለገበያው ተመለሺ። እስከዚያ ሣጥን አይላክም።»

«ብቻዎን?»

«አማዶር በመስኮት ይገባ የለ።»

ከዚያ የተዘጋጀችውን ሣጥን አስመጡኝ። ክዳኗ ላይ የተለጠፈውን ስማቸው ያለበትን ወረቀት በጥፍራቸው ልጠው አነሡት። «አዲስ ወረቀት አምጪና ስምሽን ጻፊበት» አሉ።

እስክሪብቶ አመጣሁ። በቀኝ እጄ፣ መነኩሴዋ እንዳስለመደችኝ፣ አሳምሬ ጻፍኩ።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«አንብቢልኝ።»

«ቤኒልዴ ሮብሌስ» አልኩ።

ወረቀቱን ተቀብለው ገልብጠው በጣታቸው ጫፍ ዳበሱት። ለስላሳ ነበር፤ ቀለም እንጂ ጉድጓድ የለውም። መለሱልኝ።

«ጫን ብለሽ ጻፊ» አሉ። «በጣቴ ላንብበው።»

ፊቴ ጋለ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ስም ኤውቲሚዮ ነበር። ሆን ብዬ አይደለም፤ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን ነው እጄ የጻፈው፣ አፌም ስድስት ዓመት የለመደውን ውሸት ነው የተናገረው። ወረቀቱን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ድምፁን ሰሙ።

ሌላ ወረቀት አመጣሁ። እስክሪብቶውን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፌ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ጫን እያልኩ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። አማቴ ገልብጠው ቀስ ብለው ዳበሱት። አንዱ ፊደል ላይ ቆሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ጀመሩ።

«ጠማማ ነው» አሉ።

«በግራ ጽፌው ነው።»

«እሱማ ያስታውቃል» አሉና፣ ሙጫውን አቀብዪኝ ብለው ክዳኑ ላይ ራሳቸው ለጠፉት።